ጠፋ የተባለው ቫይረስ፦ ከጅማ የተገኘ አንድ የላቦራቶሪ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ጤና ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አራት ወር የደከመችበት የቫይረስ ክምችት በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲወገድ ተወስኖ ነበር። ምክንያቱ የሁለት ምርመራዎች አለመስማማት ነው። አንዱ ቫይረሱ አለ አለ፤ ሌላው የለም አለ። ነገሩ ሲጣራ ሁለቱም ልክ ሆነው ተገኙ። የተሳሳተው እኛ ለሁለቱ የሰጠነው ትርጉም ነበር።

በወቅቱ የሕዋስ ካልቸር ክፍሉን አስተባብር ስለነበር ሂደቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። የሰዎቹንም የተቋሙንም ስም አልጠቅስም። ጉዳዩን ጽፌ የማስቀምጠው፣ ተመሳሳይ ውሳኔ በሌሎች ላቦራቶሪዎችም በዝምታ እንደሚወሰን ስለማምንና በዚህ መንገድ የሚባክነው የወጣቶች ድካም ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ዳራ

ላቦራቶሪው ትንሽ ነው። አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር፣ ከሥር ወደ ላይ የሚያሳይ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ አንድ ማቀዝቀዣና ዲኤንኤን በዑደት በዑደት እያባዛ የሚለካ አንድ ሪል ታይም ፒሲአር አለው። የሕዋሳቱ መጠባበቂያ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብቶች ሰው ሠራሽ ማዳቀል ከሚመጣው ላይ ተካፍለን የምናገኘው ነው። ሕዋሳቱ የሚመገቡት የጥጃ ሴረም ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ይመጣል። መኪናው መንገድ ላይ የዘገየ ቀን ሁላችንም በር በሩን እናያለን።

የምንጠቀመው ቬሮ የሚባሉትን ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ከአንዲት የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተገኙ ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ሲባዙ ኖረዋል። ቫይረስ ሲገባባቸው ለጎረቤት ሕዋሳት የማስጠንቀቂያ ምልክት የሚሆነውን ኢንተርፌሮን ማምረት አይችሉም። በዚህ የተነሳ ብዙ ዓይነት ቫይረሶች ያለ ብርቱ ተቃውሞ ያድጉባቸዋል።

ቫይረሱ ደግሞ በከብት ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው፣ ብዙ አርቢ የቆዳ ጉርብርብ የሚለው በሽታ ቫይረስ ነው። ከፈንጣጣ ቤተሰብ ይመደባል። በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ዛሬም የወተት ላምንም የእርሻ በሬንም ከሥራ ያወጣል። እኛ የሠራነው በበሽታ አምጪው ዝርያ ሳይሆን ለክትባት በተዳከመው ሕያው ዝርያ ነው።

የተማሪዋ ጥያቄ ተግባራዊ ነበር፦ የክትባቱ ቫይረስ በቬሮ ሕዋሳት ላይ ከተዘራ በኋላ በስንተኛው ሰዓት ቢሰበሰብ ምርቱ ይበዛል? ይህን ለመመለስ ቫይረሱን ሕዋሳቱ ላይ ማድረግ፣ በየተወሰነ ሰዓት ናሙና መውሰድና መቁጠር ያስፈልጋል። በሁለት መንገድ ትቆጥር ነበር። አንደኛው የናሙናውን ፈሳሽ ደረጃ በደረጃ አቅጥኖ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ውስጥ ባሉ ጤነኛ ሕዋሳት ላይ መጨመርና ስንት ጉድጓድ እንደታመመ ማየት ነው። ሁለተኛው በፒሲአር የቫይረሱን ዲኤንኤ መለካት ነው።

ችግሩ

የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ሄደ። ቫይረሱን ለአንድ ሰዓት ሕዋሳቱ ላይ አቆየች፤ ፈሳሹን አንሥታ አንድ ጊዜ አጠበች፤ አዲስ ምግብ ጨመረች። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሰዓት ከላይ ያለውን ፈሳሽ ለሳህን ምርመራ ወሰደች። ከሥር የተጣበቁትን ሕዋሳት ደግሞ ለፒሲአር አዋለች። ለማነጻጸሪያ እንዲሆን መጀመሪያ ከጨመረችው የቫይረስ ፈሳሽ ጥቂት አስቀርታ በሳህኑ የመጀመሪያ ረድፍ አስገባች።

በአራተኛው ቀን ሳህኑን ስታነብ አንድም የታመመ ጉድጓድ አልነበረም። ፒሲአሩ ግን ከ3ኛው ሰዓት እስከ 12ኛው ዲኤንኤውን አሳየ፤ መጠኑም አልጨመረ፣ አልቀነሰም፤ ሁሉም ናሙና 27ኛው የማባዛት ዑደት አካባቢ ላይ ተነሣ፣ ማለትም መታየት ጀመረ።

አማካሪዋ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ የሰጡት ፍርድም በዚያ ቀን ምክንያታዊ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ ነበር። «ቫይረሱ ሞቷል። ፒሲአር የሚያየው ሬሳውን ነው፤ ዲኤንኤ ከቫይረሱ ሞት በኋላም ይቆያል። ክምችቱን አስወግደሽ ከአዲስ ብልቃጥ ጀምሪ» አሏት። አዲስ ብልቃጥ ማለት ደግሞ ደብዳቤ፣ ግዢ፣ ጥበቃ፣ ከዚያም ክምችቱን ለማሳደግ ሌላ ሁለት ወር ማለት ነው። የመመረቂያ ጊዜዋ ሊያልፍ ነበር።

ክምችቱን ያተረፈው አጋጣሚ ነው። ያገለገሉ ሳህኖች ከመጣላቸው በፊት በእንፋሎት ግፊት መቀቀል አለባቸው፤ በዚያ ሳምንት ግን የመቀቀያው መሣሪያ ተበላሽቶ ጥገና ይጠብቅ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቴክኒሻን ሳህኖቹን ከኢንኩቤተር ሳያወጡ ተዉአቸው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው ዓይናቸውን አቀረቡ።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ እዪው» አሏት።

የመጀመሪያው ረድፍ ታሞ ነበር። ጤነኛ ቬሮ ሕዋሳት እርስ በርስ ተገጣጥመው እንደ ንጣፍ ድንጋይ ይታያሉ። በዚህ ረድፍ ግን በየቦታው የከበቡ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ሕዋሳት ተሰብስበዋል፤ መካከላቸው ተልጦ ባዶ ቀርቷል። የ3ኛው፣ የ6ኛውና የ12ኛው ሰዓት ረድፎች እንደ ነበሩ ናቸው።

ስለዚህ ቫይረሱ ሲጨመር ሕያው ነበር ማለት ነው። ከተጨመረ በኋላ የት ሄደ?

ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና።

ቫይረስ ከሕዋስ ውጭ ሳለ አንድ የተዘጋ ዕቃ ነው። ውስጡ የዘር መመሪያው ማለትም ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ አለ፤ በዙሪያው የፕሮቲን ሽፋን፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ የስብ ሽፋን አለ። ጤነኛ ሕዋስን ማጥቃት የሚችለው እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሳሉ ነው። ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መፍረስ አለበት። መመሪያው እንዲነበብ ሽፋኑ መከፈት አለበት፤ ሽፋኑ የተከፈተ ቫይረስ ደግሞ ከዚያ ሕዋስ አውጥተን ወደ ሌላ ብንወስደው አያጠቃም። ከመፍረሱ እስከ አዳዲሶቹ ቫይረሶች መገጣጠም ያለው ጊዜ በሳይንሱ ግርዶሽ ይባላል። ስሙን እወደዋለሁ፤ ፀሐይ በግርዶሽ ጊዜ አትጠፋም፤ ትሸፈናለች እንጂ።

ክፍሎቹ ተለያይተው የየራሳቸው መንገድ እንዳላቸው በግልጽ ያሳየው የታወቀው ሙከራ የተሠራው ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አልፍሬድ ሄርሺ እና ማርታ ቼስ የቫይረሱን ፕሮቲን በጨረር አመንጪ ሰልፈር 35፣ ዲኤንኤውን በፎስፈረስ 32 ምልክት አደረጉ። ባክቴሪያዎቹን ካጠቁ በኋላ በመፍጫ ሲያናውጧቸው አብዛኛው ፕሮቲን ከውጭ ተራገፈ፤ አብዛኛው ዲኤንኤ ግን ከባክቴሪያው ጋር ቀረ። ብዙ ተማሪዎች ይህን ይዘው የሁሉም ቫይረስ ቅርፊት ከውጭ የሚቀር ይመስላቸዋል። በእንስሳት ሕዋስ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ከነሽፋኑ ወይም ከሽፋኑ ከፊል ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሚፈርሰውም እዚያው ውስጥ ነው።

አፈራረሱም እንደየቫይረሱ ይለያያል። የፖሊዮ ቫይረስ በሕዋሱ ላይ ያለውን ተቀባይ ከያዘ በኋላ ቅርጹን ይለውጣል፣ ከአራቱ የሽፋን ፕሮቲኖች ትንሹን ይጥላል፣ አርኤንኤውን ያስወጣል፤ ባዶ ቅርፊቱ ይቀራል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሕዋሱ ከረጢት ውስጥ አሲድ ሲያገኘው ይከፈትና ስምንት የአርኤንኤ ቁራጮቹ ከተሸከሟቸው ፕሮቲኖች ጋር ወደ ኑክሊየስ ይሄዳሉ። ሪዮቫይረስ የውጭ ሽፋኑን ብቻ አውልቆ ውስጠኛውን ፍሬ ሳይከፍት ይኖራል፤ መልእክተኛ አርኤንኤውን እዚያው ተዘግቶ ይሠራና በቀዳዳ ወደ ውጭ ይልካል።

የፈንጣጣ ቤተሰብ በሁለት ደረጃ ይፈለፈላል። ጋሼ ይህን ለተማሪዋ ያስረዱበትን መንገድ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ አስበልጬ እይዘዋለሁ። «እሸት ቡና ማሽን ውስጥ ሲገባ ቀዩ ልጣጭ ይወልቃል» አሏት፤ «ፍሬው ግን ገና በሁለተኛው ገለባ እንደተሸፈነ ነው። ያ ገለባ የሚወልቀው በኋላ በሌላ ማሽን ነው። በመጀመሪያው ማሽንና በሁለተኛው መካከል ያለውን ቡና ቡና አይደለም ትያለሽ?» ጅማ ላይ ይህን ምሳሌ የማይረዳ ሰው የለም።

በእርግጥም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የቫይረሱ የስብ ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል፤ ስቡና የፕሮቲኑ ከፊል ከዘር መመሪያው ይለያሉ። ውስጠኛው ፍሬ ወደ ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ኑክሊየሱን ወደ ከበበው የሕዋሱ ክፍል፣ ይገባል። ይህ ፍሬ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሣጥን አይደለም፤ አርኤንኤ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ገና ሳይከፈት የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች ይጽፋል። ከእነዚህ መልእክቶች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ሁለተኛውን መፈልፈል ያካሂዳሉ፤ ዲኤንኤውም ያኔ ይራቆታል። ዎልፍጋንግ ጆክሊክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 በፎስፈረስ 32 ምልክት በተደረገበት የቫይረስ ዲኤንኤ አሳይቷል። የሚጠቀመው መለኪያ ዲኤንኤን የሚበላ ኢንዛይም ነበር፦ ፍሬው ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ኢንዛይሙ አይደርስበትም፤ የተራቆተውን ግን ይበላዋል። ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ሲከለከል ሁለተኛው ደረጃ ቆመ፤ ዲኤንኤውም ተሸፍኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የተራቆተው ዲኤንኤ ከኑክሊየስ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ በተወሰነ ሥፍራ ተሰብስቦ ይባዛል። የእኛ ቫይረስ ዲኤንኤ ወደ 151 ሺህ የሚጠጋ የመሠረት ጥንድ ርዝመት ያለው ትልቅ ጽሑፍ ነው። አዲሶቹ ፕሮቲኖች ተሠርተው፣ ዲኤንኤው ታሽጎ፣ ሽፋኑ ተገጥሞ የሚያጠቃ ቫይረስ እስኪወጣ ረጅም ሰዓት ያልፋል። አዲሶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ሕዋሱ ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ እንጂ ወዲያው ወደ ፈሳሹ አይወጡም።

ይህን ይዘን ወደ ተማሪዋ ሳህን ስንመለስ፣ ባዶ መሆኑ ሳይሆን ባዶ ባይሆን ነበር የሚገርመው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አማካሪዋ የታመመውን ረድፍ ራሳቸው በማይክሮስኮፕ አይተው የማስወገድ ውሳኔያቸውን በዚያው ሰዓት አነሡ። ይህን መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከዚያ ተቀምጠን ሙከራውን እንደገና ቀረጽነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የናሙናው ነው። ሁለቱ ምርመራዎች የተሠሩት በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ነበር፦ ሳህኑ በፈሳሹ ላይ፣ ፒሲአሩ በሕዋሳቱ ላይ። አሁን በየሰዓቱ ፈሳሹና ሕዋሳቱ ተለይተው ተሰበሰቡ፤ ሁለቱም ለሁለቱም ምርመራ ዋሉ። ሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ እንዲወጣ ሦስት ጊዜ በረዶ ተደርገው ሦስት ጊዜ ቀለጡ።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነው። 12 ሰዓት ላይ የቆመው አሁን እስከ ስድስተኛ ቀን ተዘረጋ። ሳህኖቹም የሚነበቡት በስምንተኛው ቀን ሆነ። ማጠቡ ከአንድ ወደ ሦስት ጊዜ ከፍ አለ፤ የመጨረሻው እጣቢም ተመረመረ። የሚጨመረው ቫይረስም በዛ፤ መጀመሪያ ለአሥር ሕዋስ አንድ ያህል የነበረው ለአንድ ሕዋስ አንድ ወይም ሁለት እንዲደርስ ተደረገ። ሕዋሳቱ በአንድ ጊዜ ካልተጠቁ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ሲገጣጠም ስለሚደራረብ ግርዶሹ አይታይም።

ሦስተኛው የአማካሪዋን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ነው፦ ፒሲአር የሚያየው የገባውን ዲኤንኤ ነው ወይስ አዲስ የተሠራውን? ለዚህ ዲኤንኤ መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት አስፈለገን። ከውጭ ማዘዝ ወራት ይወስድ ነበር። ተማሪዋ ግን ይኸው መድኃኒት ሳይታራቢን በሚል ስም ለደም ካንሰር ሕክምና እንደሚሰጥ አነበበች። አንድ የፋርማሲ ባለሙያ የአገልግሎት ጊዜዋ ሊያልፍ ጥቂት ቀናት የቀራትን አንዲት ብልቃጥ በደብዳቤ ሰጠን።

አራተኛው የመፈልፈሉን ሁኔታ ለማየት የተደረገ ሙከራ ነው። ጨረር አመንጪ ምልክት ለመጠቀም ፈቃዱም መሣሪያውም የለንም፤ ነገር ግን ዲኤንኤ በሊታው ኢንዛይም ነበረን። ሕዋሳቱን በዝግታ ከፍቶ ይዘታቸውን ለሁለት መክፈል፣ አንዱን በኢንዛይሙ ማስበላት፣ ሌላውን መተው፣ ከዚያ ሁለቱን በፒሲአር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ የተራቆተውን ዲኤንኤ ያሳያል።

ያልሠራው

የሳይታራቢኑ የመጀመሪያ ዙር ከሸፈ። መጠኑን አብዝተን ስለነበር በሁለተኛው ቀን ቫይረስ ያልነካቸው ሕዋሳት ጭምር ተልጠው ተንሳፈፉ። መድኃኒቱ የሕዋሱንም ዲኤንኤ ስለሚያግድ ይህ የሚጠበቅ ነው። መድኃኒት ብቻ የተጨመረባቸው ጉድጓዶች ባይኖሩን ኖሮ ጉዳቱን የቫይረሱ ነው ብለን እንጽፈው ነበር።

አንድ ሙሉ ዙር ደግሞ በመብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሌሊት ሳይነሣ ቀርቶ ኢንኩቤተሩ ጠዋት 29 ዲግሪ ላይ ተገኘ። ሕዋሳቱ አልሞቱም፤ ተማሪዋም ልትቀጥል ፈልጋ ነበር። እኔ አልፈቀድሁም። በየሰዓቱ የሚለካ ሙከራ ውስጥ ሙቀት የወረደበት ሌሊት ካለ ሰዓቱ ትርጉም ያጣል።

ከሁሉ ያደከመን የኢንዛይሙ ሙከራ ነው። ሦስት ጊዜ ሠራነው፤ ሦስት ጊዜም ዲኤንኤው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ታየ፤ በ1ኛው ሰዓትም፣ በ6ኛውም፣ በ12ኛውም። ለጥቂት ቀናት የእኛ ቫይረስ ከቤተሰቡ የተለየ ነው ብለን እስከ ማሰብ ደረስን። መልሱ የተገኘው ተማሪዋ ራቁት ዲኤንኤ ከሕዋሳቱ ይዘት ጋር ቀላቅላ ኢንዛይሙን በጨመረች ጊዜ ነው። ያም አልተበላም። ኢንዛይሙ ጭራሽ እየሠራ አልነበረም።

ምክንያቱ ሕዋሳቱን ከፍላስኩ ያላቀቅንበት ፈሳሽ ነው። ትሪፕሲን ከኢዲቲኤ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ኢዲቲኤ ማግኒዥየምንና ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ዲኤንኤ በሊታው ኢንዛይም ደግሞ ያለ እነርሱ አይሠራም። ሳናውቀው የኢንዛይሙን እጅ አስረን ነበር የላክነው። ከዚያ ወዲያ ሕዋሳቱን በትሪፕሲን ሳይሆን በጎማ መጥረጊያ ፋቅናቸው። ማግኒዥየምም ጨመርን። ምላሹ ሲያበቃ ነው ኢዲቲኤ የምንጨምረው፤ ያኔ ማሰሩ ጠቃሚ ነው፤ ኢንዛይሙ ሳይቆም ከቀረ ቀጥሎ ከፍሬው ውስጥ የምናወጣውን ዲኤንኤም ይበላብናል።

የሠራው

በመጨረሻው ዙር የተገኘው ሥዕል ይህ ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ሕዋሳቱ ላይ የሚያጠቃ ቫይረስ ነበር። በ6ኛው ሰዓት ግን በሕዋሳቱም በፈሳሹም ምንም አልተገኘም፤ በ12ኛውም በ18ኛውም እንዲሁ። በ30ኛው ሰዓት ሕዋሳቱ ውስጥ ዳግመኛ ታየ፤ እስከ አምስተኛው ቀን ጨመረ። ፈሳሹ ውስጥ የታየው ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ብቻ ነው፤ ያም ሕዋሳቱ ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ነበር።

ዲኤንኤው የተለየ ታሪክ ነበረው። እስከ 12ኛው ሰዓት 27ኛው ዑደት አካባቢ ቆየ። በ18ኛው ሰዓት ወደ 23 ወረደ። በፒሲአር ቋንቋ የዑደት ቁጥር ሲወርድ ዲኤንኤው በዝቷል ማለት ነው፤ ወደ ሦስት ከሲሶ ዑደት የሚጠጋ ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ዲኤንኤው ከአሥር እጥፍ በላይ ተባዝቶ ነበር። በዚያው 18ኛ ሰዓት ግን አንድም የሚያጠቃ ቫይረስ የለም። ይህን ቁጥር ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ክፍሎቹ ተሠርተው አልተገጣጠሙም፤ ያንን ክፍተት በራሳችን መሣሪያ፣ በራሳችን ከተማ አየነው።

ሳይታራቢን በተጨመረባቸው ጉድጓዶች ዲኤንኤው እስከ 48ኛው ሰዓት 27 እና 28 መካከል ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት የፒሲአር ውጤት የገባው ዲኤንኤ ነበር። አማካሪዋ ፒሲአር ያየው አሮጌውን ነው ማለታቸው በግማሽ ትክክል ነበር። ከዚህም ውስጥ ብዙው ፈጽሞ ፍሬ የማያፈራ ነው፤ በብዙ የእንስሳት ቫይረሶች አንድ የሚያጠቃ ቫይረስ ለማግኘት ከአሥሮች እስከ ሺህ የሚደርሱ ቅንጣቶች ይቆጠራሉ። ፒሲአር ሁሉንም ይቆጥራል። ሳህኑ የሚቆጥረው የተሳካላቸውን ብቻ ነው።

ኢንዛይሙ በ1ኛው ሰዓት ዲኤንኤውን አልነካውም ማለት ይቻላል። በ6ኛው ሰዓት ግን በኢንዛይም የተበላው ናሙና ካልተበላው ሁለት ዑደት ዘግይቶ ተነሣ፤ ይህም ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተራቁቶ እንደነበር ያመለክታል። ጋሼ ወረቀቱን አይተው «ሁለተኛው ማሽን ሠራ ማለት ነው» አሉ።

በተጨማሪ በስስ መስታወት ላይ ያደጉ ሕዋሳትን በጊምሳ ቀለም ነከርናቸው። በ24ኛው ሰዓት ከኑክሊየሱ ጎን፣ ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ፣ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ዲኤንኤው ተሰብስቦ የሚባዛበት ሥፍራ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ቀለሙ የወባ ምርመራ ከሚሠራበት ክፍል በልመና የመጣ ነው።

ለተማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄም መልስ ተገኘ። በእኛ ሁኔታ ምርቱ የሚበዛው በአምስተኛው ቀን ነው፤ የሚሰበሰበውም ፈሳሹ ሳይሆን ፍላስኩ በሙሉ ከነሕዋሳቱ በረዶ ተደርጎና ቀልጦ ነው። ፈሳሹን ብቻ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ምርት ከሕዋሳቱ ጋር ይጥላል።

ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚሻገረው

ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ምርመራ የቫይረሱን የትኛውን ክፍል ያያል? ሳህን ሙሉውን ቫይረስ ያያል። ፒሲአር የዘር መመሪያውን ቁራጭ ያያል፤ ያውም የተሸፈነ ይሁን የተራቆተ፣ አሮጌ ይሁን አዲስ ሳይለይ። ፕሮቲን የሚለይ ምርመራ ሽፋኑን ያያል፤ ባዶ ቅርፊትንም ጭምር። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እነዚህ ክፍሎች ስለሚለያዩ ምርመራዎቹ አለመስማማታቸው ስህተት መኖሩን አያሳይም። አንዳንድ ጊዜ ያ አለመስማማት ራሱ ግኝቱ ነው። ይህ ለቆዳ ጉርብርብ ብቻ አይሠራም፤ የአፍተ እግርም ሆነ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ቫይረስ ላይ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ያጥራል ወይም ይረዝማል እንጂ ጥያቄው ይኸው ነው።

በማስታወሻ ደብተራችን «የለም» የሚለውን ቃል ትተናል። «በዚህ ምርመራ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ናሙና አልታየም» ብለን እንጽፋለን። ረጅም ነው፤ ቢሆንም አንድ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ሲከፍት የሚያስፈልገው እሱ ነው። የመብራት መጥፋትና የኢንኩቤተር ሙቀትም በዚያው ደብተር፣ በዚያው ገጽ ይጻፋል። የማቀዝቀዣው መሞቅ ያለ ቁጥር በቃል ይነገር ስለነበር ነው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው። ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ የጻፈ ሰው አልነበረም።

ኢንዛይም፣ መድኃኒት ወይም ቀለም ሲጨመር ደግሞ መሥራቱን የሚያረጋግጥ ናሙና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አብሮ መግባት አለበት። የራቁት ዲኤንኤው ማረጋገጫ አንድ ቱቦ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። እርሱን ስላላስገባን ሦስት ዙርና አንድ ጠርሙስ ሴረም ሄደ፤ ሴረሙ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሳህን ንባብም አንድ ነገር ልጨምር። ቀስ ብሎ የሚያድግ ቫይረስን በአራተኛው ቀን አንብቦ መጣል በእኛ ዘንድ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ልማዱ የመጣው በፍጥነት ከሚያድጉ ሌሎች ቫይረሶች ነው። አሁን ሳህን የሚወገደው የሠራው ሰውና ሌላ አንድ ሰው በስምንተኛው ቀን አይተው ሲፈርሙ ነው። ሁለተኛው ፈራሚ ብዙ ጊዜ ጋሼ ናቸው።

አሁን ያለበት

ተማሪዋ ሥራዋን አቅርባ ተመርቃለች። በደብተሯ መጀመሪያ ሁለት ዓምድ የነበረው ሰንጠረዥ አሁን አምስት ዓምድ አለው፦ በፈሳሹ ያለ የሚያጠቃ ቫይረስ፣ በሕዋሳቱ ያለ የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ጠቅላላ ዲኤንኤ፣ የተሸፈነ ዲኤንኤ፣ የሽፋን ፕሮቲን። አምስተኛው ዓምድ ባዶ ነው። ፕሮቲኑን ለመለየት የሚያስፈልገው ፀረ እንግዳ አካል በእጃችን የለም፤ ከውጭ የገባው ሽፋን መቼ ተሰባብሮ እንደሚያልቅና አዲሱ መቼ መሠራት እንደሚጀምር በራሳችን ሕዋሳት ላይ ገና አላየንም። የግዢ ጥያቄው ገብቷል። ደብተሩን የተረከበው ቀጣዩ ተማሪ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ፍላስኮች ዘርቷል፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት ናሙና ለዚያ ዓምድ የሚሆን አንድ አንድ ቱቦ እየለየ በማቀዝቀዣው የላይኛው መደርደሪያ ያስቀምጣል።